ልጅ ያቦካው

ባለፈው ጾም መግቢያ ላይ ልጄ የሆሳዕና ቀለበቷን እሳት ውስጥ ጨመረችው። ወድቆባት አይደለም። አስባበት ነው። በሶፍት ጠቅልላ፣ የቦርሳዋ ትንሿ ኪስ ውስጥ ከትታ፣ ለማንም ሳትናገር ከቤት ይዛው ወጣች። ካለፈ ወራት ሆኖታል፣ ግን አልለቅ ብሎኛል። መኪና እየነዳሁ ይመጣብኛል፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ይመጣብኛል። ልጻፈው፣ ምናልባት ያነበበ ሰው ያግዘኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ቀለበቱን ታውቁታላችሁ። ሆሳዕና ዕለት ከሚታደለው ዘንባባ ተሰንጥቆ ጣት ላይ የሚታሰረው። እኛ ቤት አይጣልም። ሥዕሉ ሥር ይቀመጣል፣ እዚያው ይደርቃል፣ እስከሚቀጥለው ሆሳዕና ይቆያል። እናቴም እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ልጄ ይሄን ታውቃለች። አውቃ ነው ከሥዕሉ ሥር ያነሳችው።

እሳቱ ደግሞ የትምህርት ቤቷ እሳት ነው። ልጄ የምትማረው እዚህ ሜሪላንድ፣ አንዲት ትንሽ ኤፒስኮፓል፣ ማለትም የአሜሪካ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከኬጂ እስከ ስምንተኛ፣ በየደረጃው አንድ አንድ ክፍል ብቻ። ጠዋት በር ላይ የሚቀበለው ሰው የእያንዳንዱን ልጅ ስም ያውቃል፣ የእህትና የወንድሙንም ጭምር። ያስገባናት ለሃይማኖቱ ብለን አልነበረም። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነና በክፍያው ስላገዙን ነው። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ስትሰማ "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" አለችኝ። የእኛን ልጅ የእኛ ቄስ ያስተምራት ማለቷ ነው። የትምህርት ቤቱ ቄስ ሴት መሆኗን የነገርኳት ቆይቼ ነው። ስልኩ ላይ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ጥሩ ሰው ናት?" ብላ ጠየቀችኝ። ናት አልኳት። እውነቴን ነው።

## በልጆች እጅ የሚዞር ዓመት

ከመጀመሪያው ዓመት የማስታውሰው ነገር ቢኖር ግራ መጋባቴን ነው። በየሳምንቱ ከትምህርት ቤት አንድ ነገር አምጡ ተብሎ ይላካል። ኦክቶበር 4 ቅዱስ ፍራንሲስ ስለሆነ እንስሳት ይባረካሉ፣ ያላችሁን አምጡ። ውሻው፣ ድመቱ፣ ጥንቸሉ፣ አንዱ ልጅ በብርጭቆ ያመጣው ዓሣ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰልፎ ይባረካል። እኛ ቤት እንስሳ ስለሌለ ልጄ የጨርቅ አንበሳዋን ይዛ ሄደች። ቄሷ አንበሳውን እንደማንኛውም ውሻ እጇን ጭና፣ ስሙን ጠይቃ ባረከችው። ልጄ ያን ቀን ማታ አንበሳውን ከአልጋዋ ላይ አላወረደችውም።

ከዚያ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የቅዱሳን ቀን ይመጣል። ከዚያ ከገና በፊት ያሉት አራት እሑዶች። ክብ ጉንጉን ቅጠል ላይ አራት ሻማ ይተከላል፣ በየሳምንቱ አንድ ይጨመራል። ሦስቱ ወይን ጠጅ ናቸው፣ አንዱ ሮዝ፣ መሐል ላይ ያለው ነጩ ለልደት ይቆያል። ውጭ ያለው ዓለም በዚያ ሰዓት ገናውን ጀምሮ ሊጨርስ ደርሷል። ሱቁ፣ ሬዲዮው፣ የጎረቤቱ ጣሪያ ሁሉ በርቷል። የትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት፣ እዚያች ትንሽ ቻፕል ውስጥ ግን ገና ሁለተኛው ሻማ ነው። ሕፃናቱ "ገና ነው፣ ገና ነው" እያሉ ይጠብቃሉ። ጾመ ነቢያትን እየጾምኩ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ደስ ይለኛል። መጠበቅ የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር ማግኘቴ በራሱ ደስ ይለኛል።

ዲሴምበር ላይ አንድ ማታ አለ፣ ስለሱ ትንሽ ልቆይ። ዘጠኝ ንባብና መዝሙር ይሉታል። ሥርዓቱ በ1880 እንግሊዝ አገር ኮርንዎል ውስጥ፣ ትሩሮ በምትባል ከተማ ነው የተጀመረው። ካቴድራሉ ገና እየተሠራ ስለነበር ሰው የተሰበሰበው ከእንጨት በተሠራ ጊዜያዊ ቤት ውስጥ ነው። በ1918፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ ከጦሩ ጋር ያገለግል የነበረ ኤሪክ ሚልነር ዋይት የሚባል ቄስ ወደ ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ አመጣው፣ ከዚያ ዓለም ሁሉ ወሰደው። ዋናው ነገር የአንባቢዎቹ ተራ ነው። ካምብሪጅ ውስጥ ከአንድ ትንሽ ልጅ ይጀምርና በኮሌጁ የበላይ ኃላፊ ይጨርሳል። ልጄ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። መብራት ይጠፋል። አንድ ልጅ ብቻውን፣ ያለ ሙዚቃ፣ ከኋላ በር ላይ ቆሞ መዝሙሩን ይጀምራል። ከዚያ የመጀመሪያውን ንባብ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ታነባለች፣ ሰገራ ላይ ቆማ። ተማሪ፣ ወላጅ፣ መምህር እያለ ይሄዳል። ያን ዓመት ስድስተኛውን ያነበበው የሕንፃው ጽዳትና ጥገና ሠራተኛ ነበር። ከኤል ሳልቫዶር ነው የመጣው። በስፓኒሽ አነበበው። ሱፍ ለብሶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጦ። ቦይለር ሲጠግን እንጂ እንደዚያ ቆሞ አይቼው አላውቅም ነበር። ድምፁ እንዴት የሚያምር መሰላችሁ።

ጃንዋሪ ደግሞ ጠመኔ ነው። ሰብአ ሰገል የደረሱበትን በዓል ጃንዋሪ 6 ያከብሩና የበሩ መቃን ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። የዓመቱ ቁጥር ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ፣ መሐሉ ላይ መስቀልና የሦስቱ ሰዎች ስም መነሻ ፊደላት። ዘንድሮ በ2025 ጃንዋሪ 6 ዋሽንግተን አካባቢ በረዶ ወርዶ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተዘጋ፣ ማግስቱ የእኛ ገናም በረዶ ውስጥ አለፈ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ጻፉት። ትንንሾቹ ከላይ ስለማይደርሱ እነሱ በሚደርሱበት ከፍታ ለብቻቸው ይጽፋሉ። በዚህም ምክንያት የዚያ ትምህርት ቤት በር ሁለት ጽሑፍ አለው፣ አንዱ ለትልቅ ሰው ዓይን ትክክል፣ አንዱ ጉልበት አካባቢ የተንጋደደ። ዝናብ እስኪያጥበው ማንም አይጠርገውም።

ይሄን ሁሉ የማወራው ባህላቸው ያምራል ለማለት ብቻ አይደለም። ቆይቶ የገባኝ ነገር ስላለ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ተመልካች ልጅ የለም። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ስለሆነ የሚተርፍ ሰው የለማ! ሻማውን የሚያበራው ልጅ ከታመመ ሻማውን ሌላ ልጅ ማብራት አለበት፣ እሱም ሌላ ሥራ ነበረው፣ ስለዚህ የእሱን ደግሞ ሌላው ይይዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይሄ ነው። እዚያ ሁሉም አንድ አንድ ሎሚ ይዟል፣ የአራት ዓመቱም ጭምር።

## ማክሰኞ ማታ

ጾማቸው የሚገባው ረቡዕ ነው። ዘንድሮ ማርች 5 ዋለ። ማክሰኞ ማታ ታዲያ ቤት ያለው እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ማለቅ አለበት ተብሎ ፓንኬክ ይበላል። የእነሱ ቅበላ ፓንኬክ ነው ማለት ነው። የእኛ ቅበላ ካለፈ ግን ቆይቷል። ዐቢይ ጾም ፌብሩዋሪ 24 ገብቶ እኛ የቅድስት ሳምንት ላይ ነን። እኔ ሽርጥ ታጥቄ ሌሎች ወላጆች መሐል እንቁላል እመታለሁ፣ አልቀምስም። አንዷ እናት ይሄን አስተውላ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት፣ በውሃና በዘይት ብቻ አንድ ሳህን ለይታ አቡክታ "ይሄ የአንቺ ነው" ብላ ሰጠችኝ። ባለፈው ዓመት ያወራሁትን አስታውሳ ነው። ሂንዱ ናት እሷ። ስለ ጾም ከብዙ ሰው የተሻለ ይገባታል።

በዚያው ማታ ሁለት ነገር ይደረጋል። አንደኛው፣ ሃሌ ሉያን ይቀብራሉ። ጾሙ እስኪፈታ ሃሌ ሉያ የሚለው ቃል በቻፕሉ ውስጥ አይባልም፣ አይዘመርም። ሕፃናቱ ቃሉን ትልቅ ጨርቅ ላይ በቀለም ይጽፉታል፣ ያስጌጡታል፣ ሳጥን ውስጥ አስገብተው አትክልት ቦታው ውስጥ ይቀብሩታል። ለፋሲካ ቆፍረው ያወጡታል። ቄሷ ከሳምንት በፊት ይሄን ለክፍላቸው ስታስረዳ ልጄ እጇን አውጥታ "እኛም ከበሮውን እናስቀምጣለን" አለች አሉኝ። እውነቷን ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይነካም፣ መቋሚያው ብቻ ነው የሚቀረው። ግን እኔ ይሄን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። ራሷ አስተውላው ኖሯል። ቄሷ "እስቲ ማክሰኞ ለሁሉም ንገሪልን" አለቻት። ልጄም ማክሰኞ ማታ፣ ፓንኬክ በያዘ ሰው ሁሉ ፊት፣ ከበሮ ምን እንደሆነ በእጇ ጠረጴዛ እየመታች አሳየች። ከዚያ እጇን አነሳችና "አሁን ዝም ይላል፣ እስከ ፋሲካ" አለች። አዳራሹ ዝም አለ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ፣ መገልበጫውን እንደያዝኩ።

ሁለተኛው ነገር እሳቱ ነው። ረቡዕ ጠዋት ግንባር ላይ የሚደረገው አመድ የሚገኘው ካለፈው ዓመት የሆሳዕና ዘንባባ ነው። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ቤታቸው ያስቀመጡትን የዘንባባ መስቀል ይዘው ይመጣሉ። ግቢው ውስጥ የብረት በርሜል ተቀምጧል፣ አጠገቡ ባልዲ ውሃ። ስምንተኛ ክፍሎች ወፍራም ጓንት አድርገው እሳቱን ይይዛሉ። ትንንሾቹ በተራ እየመጡ ይጨምራሉ።

የልጄ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን የዘንባባ መስቀል ሰጠች። ከዚያ ሶፍቱን ፈታችው።

ቄሷ ጎንበስ ብላ አየችው። የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ልጄ መለሰች፣ ከሩቅ አልሰማኋትም። ቄሷ ቀና አለችና በዓይኗ ትፈልገኝ ጀመር። ወደ እሳቱ አልጨመረችውም፣ ለልጄም አልመለሰችላትም። ሰልፉን እንዳለ አቁማ፣ ቀለበቱን መዳፏ ላይ እንደያዘች፣ ልጄን በሌላኛው እጇ ይዛ ወጥ ቤቱ ድረስ መጣች። "ይሄ ለእናንተ የተባረከ ነው፣ አይደል? ያለ አንቺ ፈቃድ አላቃጥለውም" አለችኝ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። ፓንኬኩ እያረረ ነው። ቀለበቱን አየሁት። ባለፈው ዓመት ኤፕሪል 28 ቤተ ክርስቲያን ውጭ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጣቷ ላይ ያሰርኩላት ነው። ልጄ ደግሞ ቀና ብላ ታየኛለች። አላለቀሰችም፣ አልተለማመጠችም። "ማሚ፣ ነገ ከነሱ ጋር ሆኖ ግንባር ላይ እንዲሆን ነው" አለችኝ።

እሺ አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ በራሴ ነው የነቀነቅኩት።

ደረቅ ዘንባባ ሲቃጠል አይቆይም። ቦግ አለና አለቀ። ዱላውን ይዞ የሚያማስለው የስምንተኛ ክፍል ልጅ የልጄ ታላቅ ጓደኛ ነው። ትምህርት ቤቱ እያንዳንዱን ትንሽ ልጅ ከአንድ ትልቅ ልጅ ጋር ያጣምራል። ቻፕል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ጫማዋ ሲፈታ ያስርላታል። "የአንቺን ለብቻ በደንብ አቃጥየዋለሁ" አላት። ለእሷ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር።

## የማን አመድ ነው?

ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም። መጀመሪያ የመጣብኝ ስሜት ሐዘን ነው፣ አልደብቅም። የእኛ የሆነ ትንሽ ነገር፣ ከእኛ መቅደስ የወጣ፣ ሌላ ቤት እሳት ውስጥ ገብቶ ከማይታወቅ ጋር ተደባለቀ። ይሄ ፍርሃት እዚህ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቋንቋው እንዲህ ነው የሚሄደው፣ በዓሉ እንዲህ ነው የሚሄደው፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ፣ ልጁ ራሱ በፈቃዱ እያወጣ እየሰጠ።

ግን ነገሩን እያገላበጥኩት ስሄድ አንድ ነገር አላስቀመጥ አለኝ። ልጄ አላምታታችም። የትምህርት ቤቱን መስቀል ለብቻ፣ ቀለበቱን ለብቻ ነው የሰጠችው። የትኛው ከየት እንደመጣ በደንብ ታውቃለች። በ2024 የእነሱ ሆሳዕና ማርች 24፣ የእኛ ኤፕሪል 28 እንደነበረ፣ ሁለት ፋሲካ እንዳከበረች ታውቃለች፣ ጓደኞቿ ላይም ትኮራበታለች። ቻፕል ውስጥ ቁርባን ሲሰጥ አትቀበልም። እጆቿን ደረቷ ላይ ታመሳቅላለች፣ ቄሷም ራሷን ዳስሳ ትባርካታለች። ይሄን ማንም አስገድዷት አያውቅም፣ ማንም ለምን ብሏትም አያውቅም። ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች ለማለት ይቻላል።

እንግዲያው ቀለበቱን ምን ብላ ነው ያመጣችው? እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው። ሰው ወደ ጋራ ማዕድ ይዞ የሚሄደው የራሱን ነው። የሌላ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ልጄ እነሱ የሰጧትን መስቀል መልሳ መስጠቷ አልበቃትም። የእኛን ደግሞ ልትጨምር ፈለገች። የራሷ ነው ብላ ባታምን ኖሮ ከሥዕሉ ሥር ለማንሳት አትደፍርም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሄድኩ። አመዱን ትናንት ማታ በወንፊት ነፍተው፣ በሙቀጫ አልመው፣ ጠብታ ዘይት ጨምረውበታል። ውሃ አይገባበትም፣ አመድና ውሃ ተደባልቆ ቆዳ ያቃጥላላ። "አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህና" እየተባለ አንድ በአንድ ግንባራቸው ላይ መስቀል ተደረገ። የማይፈልግ ልጅ አይገደድም። የልጄ ክፍል ውስጥ ያለው ሙስሊም ልጅ አመዱን አልተቀበለም፣ ግን ሳህኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ የያዘው እሱ ነበር። ይሄን ሥራ እፈልጋለሁ ብሎ ጠይቆ ነው አሉኝ። የራሱ ረመዳን ገብቶ እየጾመ ያለ ቤተሰብ ልጅ ነው። ልጄ ተቀበለች። እንግዳ ነገር አልሆነባትም። የደመራ ማግስት አመዱን ግንባሯ ላይ የማደርግላት እኔ አይደለሁ?

ያን ቀን ርእሰ መምህሯን፣ መምህራኑን፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጣውን ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ልጅ አየሁ። ሁሉም ግንባር ላይ ከእኛ ሆሳዕና ትንሽ ነገር አለ። ማንም አላወቀም። ልጄ ግን እያንዳንዱን ግንባር እያየች ፈገግ ትላለች።

## እኛ ጋ

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ወጥ ቤት ስገባ "ውጪ፣ ታበላሺዋለሽ" ነው። ተረቱ ውስጥ እውነት አለ፣ የተራበ ቤተሰብ የልጅ ሊጥ አይጠብቅም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ተረቱ ያን ይበል እንጂ የአገራችን ዓመት በልጅ እጅ ነበር የሚዞረው። እንቁጣጣሽን ማን ነበር የሚያመጣው? ሴቶቹ ልጆች በየቤቱ አበባየሆሽ ብለው፣ ወንዶቹ የሳሉትን ሥዕል ይዘው ነው። ቡሄን ማን ነበር ቡሄ የሚያደርገው? ጅራፍ የሚገምድ፣ ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙል የሚሰበስብ ልጅ ነው። ልጅ ከሌለ ቡሄ የለም። ትልቅ ሰው ሙልሙል ጋግሮ በር ላይ የሚያንኳኳውን ይጠብቃል እንጂ በዓሉን ብቻውን ሊያከብረው አይችልም።

ስለዚህ በዚያ ትንሽ ትምህርት ቤት የቀናሁበት ነገር ድሮም የእኛ ነበር። እዚህ መጥተን ነው የጣልነው። እዚህ በዓላችን ፕሮግራም ሆኗል። ልጆቹን ነጭ አልብሰን መድረክ ላይ እናወጣቸዋለን፣ አንድ መዝሙር ይዘምራሉ፣ እኛ በስልክ እንቀርጻለን፣ ይወርዳሉ። ከዚያ ትልልቁ ሰው በዓሉን ይቀጥላል፣ ልጆቹ ምድር ቤት ወርደው ስልክ ያያሉ። ከዚያ ደግሞ "ልጆቻችን ባህላቸውን አያውቁም" እንላለን። ክፍል እንከፍትላቸዋለን፣ ስለ ደመራ በሰሌዳ እናስተምራቸዋለን። ለደመራው እንጨት ያመጣ ልጅ ግን አንድም የለም። ይሄ ያናድደኛል። የሚያናድደኝ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ነው። ገንዘብ አይፈልግም። ሥራውን ለእነሱ መተው ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ ስለ ቀለበቱም ጭምር። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና "ቀለበቱን እንዴት እንደሚሠሩት ታውቃለች?" ብለው ጠየቁኝ። አታውቅም፣ እኔ ነኝ የምሠራላት አልኳቸው። "እንግዲያው ልጄ፣ ለሆሳዕና ማልዳችሁ ኑ። ዘንባባውን የሚሰነጥቁት ልጆቹ ይሁኑ" አሉኝ።

ዘንድሮ ፋሲካ የእነሱም የእኛም ኤፕሪል 20 አንድ ላይ ዋለ፣ ሆሳዕናም ኤፕሪል 13። ማልደን ሄድን። ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን አመጡ። አንዲት አሮጊት እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደሚታጠፍ አሳዩዋቸው። ግማሹ ቀለበት ተፈታ፣ ብዙ ዘንባባ ተበላሸ። ልጆቹ ግን ቅዳሴው ሲያልቅ በር ላይ ቆመው ለወጣው ሰው ሁሉ ራሳቸው የሠሩትን አደሉ። አንድ ትልቅ ሰውዬ ጣታቸው ላይ አልገባ ብሎ ልጄ ፈትታ እንደገና አሰረችላቸው። በአማርኛ ነው ያወራቻቸው። ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ፣ እሳቸው እንግሊዝኛ እንደማያወሩ ስታውቅ፣ ቃሉን ከየትም ብላ አመጣችው።

ፋሲካ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ትምህርት ቤቷም ሳጥኑን ቆፍረው አወጡት። ጨርቁ ትንሽ ሻግቶ ነበር፣ ቀለሙ ፈስሷል። እንዲያ እንዳለ ሰቀሉት። ቄሷ ልጄን "አሁን ከበሮው ይመታል?" ብላ ጠየቀቻት። ይመታል አለች። እኔም ትንሿን ከበሮ ከቤት ይዤ ሄጄ ነበርና ኬጂዎቹ በተራ መቱት።

አሁን እየተከራከርን ያለነው ስለ መስከረሙ ደመራ ነው። የበዓል ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ትንሽ ደመራ ይደምሩ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ አባት "ያበላሹታል፣ የተንጋደደ ደመራ ተሠርቶ ሰው ይታዘበናል" አሉ። ክፋት የላቸውም፣ በዓሉ እንዲያምር ነው የሚፈልጉት። የተንጋደደ ይሁን አልኳቸው፣ አጠገቡ የእናንተ ቀጥ ያለው ይቆማል። የእሳቱን ፈቃድ እሳቸው ያስጨርሳሉ፣ እንጨቱን ልጆቹ ያመጣሉ ተብሎ ተለያየን። አደይ አበባ እዚህ የለም፣ ግን የሜሪላንድ የራሷ አበባ አለች፣ ብላክ አይድ ሱዛን የምትባል፣ ቢጫ ሆና መሐሏ ጥቁር፣ በዚህ ወቅት በየመንገዱ ዳር ሞልታለች። ግቢ ያላችሁ ወላጆች አትቁረጧት፣ ለልጆቹ ተዉላቸው። ሰብስበው የሚያስሩት እነሱ ናቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ምድር ቤት። የታላላቆቹን ልጆችም አምጧቸው። አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ ብሎ አልመጣም የሚለውን በተለይ አምጡት፣ ትንንሾቹን የሚይዝልን እሱ ነው።